ያረጀ የኩሽና ካውንተርን በአነስተኛ ወጪ ማደስ

የኩሽና ካውንተር የሚበላሸው ከመሃሉ ሳይሆን ከዳሩ ነው። በማጠቢያ ገንዳው ዙሪያ፣ በቧንቧው እግር ሥር፣ ሁለት ገበታዎች በሚጋጠሙበት መስመርና ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ውሃ ይሰርጋል። መሃሉ ቢጫጫርና ቢደበዝዝ መልኩ ይከፋል እንጂ ገበታው አይደክምም። ብዙ እድሳት በጥቂት ወራት ውስጥ የሚላጠው ገንዘቡና ጉልበቱ ሁሉ በሚታየው መሃል ላይ ውሎ ዳሩ ስለሚረሳ ነው። ዘይት መቀባትም ሆነ ሴራሚክ ማልበስ፣ ከዚህ በታች ያለ አማራጭ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ውሃው መጀመሪያ ሲያዝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መመርመር

ቀለም ከመግዛትዎ በፊት የእጅ ባትሪ ይያዙ። ከገንዳው ሥር ያለውን ካቢኔት ባዶ ያድርጉና የገበታውን የታችኛውን ፊት ይመልከቱ። ለገንዳው በተቆረጠው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የጠቆረ፣ ያበጠ ወይም የሚፈረፈር ቦታ ካለ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑት። ጫፉ ያለ ጉልበት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ ያ ቦታ ሞቷል። ቀጥሎ በገንዳው ከንፈርና በቧንቧው እግር ዙሪያ ውሃ ያፍስሱ፤ 10 ደቂቃ ይጠብቁና ከታች በደረቅ ሶፍት ይዳብሱ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል።

ከዚያ የገበታውን ዓይነት ይለዩ፤ የሚሆነው መድኃኒት በዚህ ይወሰናልና። ከላይ የሚታየው የእንጨት መስመር ሳይቋረጥ ወደ ጠርዙ ወርዶ ከታችም ከታየ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ካለና ከታች ቺፕውድ፣ ማለትም የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ከታየ ፎርማይካ ነው። ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ግራናይት ይሁን እብነ በረድ ለማወቅ በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ያድርጉ። ጠብታው ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ወይም ሲጠረግ የደበዘዘ ነጥብ ከተወ እብነ በረድ ወይም ሌላ ኖራማ ድንጋይ ነው። እንዳዩ ወዲያው በውሃ ይጠቡት።

ስለ ፎርማይካ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ስሙን የሰጠው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲቋቋም የሚያመርተው የቤት ዕቃ ልባስ ሳይሆን ማይካ የተባለውን ማዕድን የሚተካ የኤሌክትሪክ መከላከያ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬም ፎርማይካ በሬዚን ተነክሮ በሙቀትና በግፊት የተጠቀጠቀ ወረቀት ነው። ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጭረቱን ልጎ ማጥፋት አይቻልም፤ ከጭረቱ በፊት የሚያልቀው ሥዕሉ ነው። ፊቱ ውሃም ዘይትም ስለማይጠጣ ቀለም በቀላሉ አይዘውም። ፎርማይካ ሲቀባ የሚከተለው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ያበጠውን ቺፕውድ ማዳን

ቺፕውድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ውሃ ሲጠጣ ፍርፋሪው ከታመቀበት ተላቆ ያብጣል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ክብደት ጭኖ ማስተካከል የማይቻለው ለዚህ ነው። ያለው መንገድ ማድረቅ፣ የተነሣውን መላግና የቀረውን ማጠንከር ነው።

1. የውሃውን መቆጣጠሪያ ዘግተው፣ ሲሊኮኑን በካተር ቆርጠው ገንዳውን ያንሡ። ገንዳው ባለበት የሚደረግ ጥገና የታመመውን ጠርዝ አይደርስበትም።
2. ቬንትሌተር አቅርበው ከ5 እስከ 7 ቀን ያድርቁት። በኃይለኛ ሙቀት ለማፋጠን አይሞክሩ፤ ፎርማይካውን የያዘው ሙጫ ይለቃል። መድረቁን ለማወቅ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ በቦታው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ያሳድሩ። ጠዋት ከላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካለ ገና ነው።
3. የሚፈረፈረውን ሁሉ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ጠርገው ያውጡ። ያበጠውን በካተርና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከጎረቤቱ ትንሽ ዝቅ እስኪል ይላጉት።
4. እንደ ውሃ የሚፈስ ቀጭን ኢፖክሲ፣ ማለትም ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ተቀላቅለው የሚጠነክር ፈሳሽ፣ በብሩሽ ያጠጡት። መጠጣት እስኪያቆም ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደግሙታል።
5. ጉድጓዱን ሃርድነር በሚቀላቀልበት ባለሁለት ክፍል ስቱኮ ይሙሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ከፊቱ ትንሽ ከፍ አድርገው ይተዉትና ሲጠነክር በ120 ቁጥር ያስተካክሉት። በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ስቱኮ እዚህ ቦታ የለውም፤ በመጀመሪያው እርጥበት ይሟሟል።
6. የቀዳዳውን ጠርዝ ዙሪያውን፣ ጤነኛውንም ጭምር፣ ሁለት ጊዜ በኢፖክሲ ወይም በፖሊዩሪታን ቫርኒሽ ይቅቡ።

የመጨረሻው እርምጃ ምንም ጉዳት በሌለበት ካውንተር ላይም መደረግ አለበት። ገበታው ሲገጠም ቀዳዳው ተቆርጦ ጥሬ ቺፕውዱ እንደተጋለጠ መተዉ በጣም የተለመደ ነው፤ የሁለት ብሩሽ ሥራ ባለመሠራቱ ሙሉ ገበታ ይጠፋል።

የለሰለሰው ቦታ ከመዳፍ የሰፋ ከሆነ ስቱኮ አይሸከመውም። ያኔም ግን ሙሉውን ካውንተር መለወጥ ግድ አይደለም። አንዱ ዘዴ ሰፋ ያለ ገንዳ መግጠም ነው፦ ቀዳዳው ሲሰፋ የበሰበሰው ጠርዝ አብሮ ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲሱ ከንፈር ደግሞ በጤነኛ ገበታ ላይ ያርፋል። ከመግዛትዎ በፊት ካቢኔቱ በውስጥ በኩል ገንዳውን እንደሚችል ይለኩ፤ ከገንዳው ፊትና ኋላም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ገበታ መቅረት አለበት። ሌላው ዘዴ የገንዳውን ቁራጭ ብቻ ለይቶ መለወጥ ነው። መልኩ ከቀሪው ጋር ባይገጥም በእንጨት ወይም በሌላ ቀለም ሆን ብሎ መለየት ያምራል፤ ለመመሳሰል ተሞክሮ ያልተመሳሰለ ግን ዓይን ይወጋል። ትኩስ ድስት ያቃጠለው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነም ያንን ቆርጦ በልኩ የማይዝግ ብረት ወይም የድንጋይ ሳህን መቅበር ይቻላል።

ፎርማይካን ቀለም መቀባት

ዕቃው ርካሽ ነው፤ የሚበላው ትዕግሥት ነው። ርዝመቱ 3.2 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ካውንተር፣ ማለትም 2 ካሬ ሜትር ለማይሞላ፣ ሩብ ሊትር ፕራይመር፣ ግማሽ ሊትር ቀለምና ግማሽ ሊትር ባለሁለት ክፍል ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይበቃል። ፕራይመሩ በጣሳው ላይ ለሴራሚክ፣ ለመስታወት ወይም ለሚያንጸባርቅ ፊት እንደሚሆን የሚገልጽ መሆን አለበት። የግድግዳ ፕራይመር ቀለሙን ከፎርማይካው ጋር አያስተሳስርም።

1. ከመፈግፈግዎ በፊት ስብን ያስለቅቁ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፤ ስብ ያለበትን ፊት ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ስቡ ወደ ጭረቱ ይገባና ከዚያ አይወጣም። በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበው ያለቅልቁ። ሲደርቅ አልኮል በነከረ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ቢጫ ወይም ግራጫ መሆን እስኪያቆም ይቀጥሉ፤ በምድጃው አጠገብ ይህ አራትና አምስት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።
2. በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ይፈግፍጉ። ባትሪውን አጋድመው ያብሩ፤ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ያ ቦታ አልተነካም ማለት ነው። ጥጎችና የፊት ጠርዙ በብዛት የሚረሱ ናቸው።
3. አቧራውን በቫኩም ይሳቡ፤ በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ ግድግዳውንና ካቢኔቱን በማስኪንግ ቴፕ ይሸፍኑ።
4. ፕራይመሩን በአጭር ጸጉር ወይም በስፖንጅ ሮለር በስሱ ይቅቡ። የፎርማይካው ቀለም በትንሹ ቢታይ ችግር የለውም።
5. በማግሥቱ ይፈትኑት። በማይታይ ጥግ ላይ በካተር የመስቀል ምልክት ይጫሩ፣ ፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይመንጭቁ። ፕራይመር ተከትሎ ከወጣ ወደ መጀመሪያው እርምጃ ይመለሱ። እዚህ ላይ የሚጠፋው አንድ ቀን ነው፤ ፈተናው ቢታለፍ ግን የሚጠፋው ሥራው ሁሉ ነው።
6. ቀለሙን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቅቡ። በመካከል ጣሳው የሚለውን ሰዓት ጠብቀው በ320 ቁጥር ቀስ ብለው ይፈግፍጉና ይጥረጉ።
7. ቫርኒሹንና ሃርድነሩን በተጻፈው መጠን ቀላቅለው ሁለት ጊዜ ይቅቡ። የተቀላቀለ ቫርኒሽ በጣሳው ውስጥም መጠንከሩን ስለማያቆም ለአንድ ዙር የሚበቃውን ብቻ ይቀላቅሉ።

የባለሁለት ክፍል ፖሊዩሪታን ቫርኒሽ ሃርድነር አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለው፤ ሳንባን በአስም መልክ ሊጎዳ ይችላል። የአቧራ ማስክ አቧራን እንጂ ትነትን አያግድም። መስኮትና በር ይከፈት፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ይደረግ። ይህ ካልተገኘ በውሃ የሚቀጥን ባለአንድ ክፍል የወለል ቫርኒሽ ይጠቀሙ፤ ጥንካሬው ያንሳል፣ ጉዳቱም ያንሳል።

ሲነካ መድረቁና መጠንከሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለሁለት ክፍሉ ቫርኒሽ በአንድ ቀን ይነካል፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ7 ቀን ገደማ ነው። ባለአንድ ክፍሉ እስከ አንድ ወር ይፈልጋል። እስከዚያ ዕቃ አይጎትቱበት፣ እርጥብ ጨርቅ አያሳድሩበት። ቀለሙ በልጥ በልጥ ሆኖ ከተነሣ ምክንያቱ ስብ ነው። ከተጨማደደ ሁለተኛው ዙር ያለ ጊዜው ተቀብቷል። ያስቀመጡት ብርጭቆ ከተጣበቀበት ገና አልጠነከረም፤ ቀለሙ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በቀጥታ በቢላዋ ሲከተፍበት ግን አይችልም።

በአሮጌው ላይ አዲስ ፎርማይካ መለጠፍ

ገበታው ጠፍጣፋና ጤነኛ ከሆነ ለወጪው የሚመጥን ዕድሜ ያለው ይህ አማራጭ ነው። ዋጋው ከቀለም ይወደዳል፤ በአያያዝ ግን እንደ አዲስ ካውንተር ይቆያል። እንቅፋቱ የፊት ጠርዙ ነው። ብዙ ካውንተሮች ከፊት ክብ ሆነው የታጠፉ ናቸው፤ ጠፍጣፋ የፎርማይካ ሉህ ደግሞ በቤት ውስጥ እንደዚያ አይታጠፍም። ስለዚህ ክቡ ጠርዝ በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና የጠርዝ ቁራጭ ወይም የእንጨት ዘንግ ይለጠፍበታል።

አሮጌውን ፊት ስቡን አስለቅቀው በ80 ቁጥር በኃይል ይፈግፍጉ። የለቀቀ ወይም ያበጠ ፎርማይካ ካለ ያንሡት፤ በለቀቀ ነገር ላይ የተለጠፈ አብሮት ይለቃል። አዲሱን ሉህ በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት፣ በገበታውና በሉሁ ጀርባ፣ በጥርሳም ስፓቱላ ወይም በሮለር እኩል ያሰራጩ። አንድ ሊትር ሁለቱም ፊት ተደምሮ ለ2 ካሬ ሜትር ያህል ካውንተር ይሆናል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ጣት ሲነካው ትንሽ ያዝ እያደረገ ክር መሳብ ሲያቆም ደርሷል። እርጥብ እያለ ከተጣበቀ ትነቱ መውጫ አጥቶ ፎርማይካውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል።

ማስቲሽ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፤ ሁለቱ ፊቶች በተነካኩበት ቅጽበት ይያያዛሉ፣ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ በገበታው ላይ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቀጫጭን ንጹሕ የእንጨት ዘንጎች ያጋድሙና ሉሁን በነሱ ላይ ያሳርፉ። ልኩን አስተካክለው ሲጨርሱ የመሃሉን ዘንግ ይሳቡና በመዳፍዎ ይጫኑ፤ ከዚያ ወደ ሁለቱ ጫፍ እየሄዱ አንድ በአንድ ያውጡ። አየሩ ወደ ዳር እንዲወጣ ዘወትር ከመሃል ወደ ውጭ በጠንካራ የላስቲክ ሮለር ይጫኑ። ትርፉን ራውተር በተባለው የእንጨት ጠርዝ መከርከሚያ ማሽን ወይም በጥሩ ሞረድ ወደ ታች ብቻ እየገፉ ይከርክሙ፤ ወደ ላይ ሲሳብ ፎርማይካው ይሰነጠራል። የማስቲሽ ትነት እሳት በቀላሉ ይይዛል። ምድጃም፣ የማሞቂያ እሳትም፣ ሲጋራም በቤቱ ውስጥ እንዳይኖር፤ መስኮቱም ከሥራው በፊት ይከፈት።

ኢፖክሲ ማፍሰስ

ኢፖክሲ እንደ ብርጭቆ ያለ መጋጠሚያ የሌለው ፊት ይሰጣል፤ ለገንዳው ዙሪያም ደግ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሊትር 1 ካሬ ሜትርን በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሸፍናል። ለ1.9 ካሬ ሜትር ካውንተር በ2 ሚሊ ሜትር 3.8 ሊትር ይሆናል፤ በጠርዝ ለሚፈሰው 15 በመቶ ሲጨመር 4.4 ሊትር ያህል ነው። በትንሽ መጠን ለማብቃቃት ሲሞከር ፈሳሹ ራሱን አያስተካክልምና ጎርበጥባጣ ይሆናል።

ገበታው በውሃ ልክ መለካት አለበት፤ ኢፖክሲ ወደሚያዘነብልበት ይሄዳል። ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ሬዚኑንና ሃርድነሩን ማሸጊያው በሚያዘው መጠን ይለኩ፤ መጠኑ በክብደት ነው ወይስ በይዘት የሚለውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቶሎ እንዲጠነክር ብሎ ሃርድነር መጨመር ተጣባቂ ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል እንጂ አያፈጥነውም። ለ3 ደቂቃ የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቁ በቀስታ ይቀላቅሉ፣ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጠው እንደገና ይቀላቅሉ። በመጀመሪያው ዕቃ ግድግዳ ላይ ያልተቀላቀለ ሬዚን ይቀራል፤ ያ ጠብታ በካውንተሩ ላይ ከፈሰሰ ፈጽሞ አይደርቅም።

መጀመሪያ በብሩሽ ስስ የኢፖክሲ ሽፋን ይቅቡና ያሳድሩ፣ አለዚያ ከእንጨቱ የሚወጣው አየር በዋናው ንጣፍ ላይ አረፋ ይሆናል። በማግሥቱ በ180 ቁጥር ፈግፍገው ዋናውን ያፍስሱ፤ በጥርሳም ስፓቱላ ያሰራጩ። አረፋውን በሙቅ አየር ማሽን፣ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ ያባርሩ። ፊቱ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ክብ ጉድጓዶች ከታዩ ከሥር የሲሊኮን ወይም የስብ ቅሪት አለ። ከታች የሚንጠለጠሉትን ጠብታዎች በየ15 ደቂቃው በስፓቱላ ይጥረጉ።

ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ትንሽ ቢነካው እንኳ ይታመማል። የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፤ ቆዳ ላይ የወደቀውን በቲነር ሳይሆን በሳሙና ይታጠቡ። ሌላው ድክመቱ ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳሉ፤ ከምድጃ የወረደ ድስት ያለ ማስቀመጫ ካረፈበት ክብ ምልክት ይተዋል። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ካውንተር ላይም ቢጫ ስለሚሆን ነጭ መልክ ባይመርጡ ይሻላል።

ተለጣፊ ፊልምና ሴራሚክ

ተለጣፊ ፊልም ከሁሉም ርካሹ ነው። ለኪራይ ቤት ወይም ዋናው ሥራ እስኪደርስ ለጊዜው ያገለግላል፤ ለቋሚነት አይመከርም። ፊቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ይርጩ፤ ያኔ ፊልሙ ይንሸራተትልዎታል። ከመሃል ወደ ዳር በፕላስቲክ ስፓቱላ ውሃውን ያስወጡ። ጥጉን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይጠፉት፣ ጠርዙንም ከገበታው ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ያስገቡ። በመገጣጠሚያ መስመሩ ላይ ውሃ እንዳይገባ አንዱን በሌላው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይደርቡ። በገንዳው ዙሪያ ግን ከንፈሩን አንሥተው ፊልሙን ከሥሩ ማሳለፍ ይገባል። እስከ ከንፈሩ ድረስ ብቻ የተለጠፈ ፊልም በሳምንታት ውስጥ መጠቅለል ይጀምራል።

ሴራሚክ ሙቀትን ሁሉ ይችላል። ክብደቱን ግን ያስቡ፦ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖርስሌን በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ካቢኔቱ የማይወላወል፣ ገበታውም ሲጫኑት የማይወዛወዝ መሆን አለበት፤ ከሥሩ የሚነቃነቅ ነገር በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላውን ፉጋ ይሰነጥቃል። ፎርማይካውን በ60 ቁጥር ሻካራ አድርገው፣ ለማይጠጣ ፊት የሚሆን ፕራይመር ቀብተው፣ የሚለጠጥ የሴራሚክ ማጣበቂያ በ6 ሚሊ ሜትር ጥርሳም ማንኪያ ያንጥፉ። መጀመሪያ በደረቁ ደርድረው ቁራጮቹ ወደ ግድግዳው እንዲሄዱ ያድርጉ፤ ከፊት ሙሉ ሴራሚክ ይኑር። መስመሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፉጋው ከሲሚንቶ ይልቅ የኢፖክሲ ፉጋ ቢሆን ሥራው ቢከብድም ይመረጣል፤ እርድና ዘይት አይጠጣም። የካውንተሩ ከፍታ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምር ከሥሩ የሚገባ ምድጃና የቧንቧው እግር እንደሚበቃው አስቀድመው ይለኩ።

ሴራሚኩ ደህና ሆኖ የጠቆረው ፉጋው ብቻ ከሆነ አሮጌውን ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ፍቀው ያውጡና በአዲስ ይሙሉት። በላዩ ላይ በስሱ የተቀባ አዲስ ፉጋ ይላጣል።

ሙሉ እንጨት

ሙሉ እንጨት ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ፎርማይካ የማይሰጠውን ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጣል። በ80 ቁጥር በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይጀምሩ፣ ወደ 120 ይለፉ፣ በ180 ያቁሙ። ከዚያ በላይ መለስለስ ፊቱን ይዘጋውና ዘይቱ ወደ ውስጥ አይገባም። በ80 የተሠራ ጭረት በ120 ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይሂዱ፤ ዘይት ሲነካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተቃጠለ ቦታን በማሽን አንድ ቦታ ቆመው አይፍጩት፤ የብርሃን ነጸብራቅ ሲያርፍበት እንደ ሳህን የጎደጎደ ሆኖ ይታያል። ሰፋ ያለውን አካባቢ በቀስታ እያጋሩ ይላጉት።

በቧንቧው ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ቆሻሻ አይደለም፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከብረት ጋር በእርጥበት ተገናኝቶ የፈጠረው ቀለም ነው። ሳሙና አይነካውም፣ ብርጭቆ ወረቀትም ሥሩን አይደርስበትም። የሚያነሣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። 60 ግራም በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ይሟሟል፤ ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በእንጨቱ ሙሉ ስፋት ይቀባል፤ አለዚያ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። 20 ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ይደገማል። መርዛማ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ታጥቦ ሳይጠራ አይፈግፈግ፣ አቧራው ሳንባ ይለበልባል።

ለ2 ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚጠነክር ዘይት፣ የተፈላ የተልባ ዘይት ወይም የተንግ ዘይት፣ ለሦስት ዙር ይበቃል። የማብሰያ ዘይት ስለማይጠነክር እየቆየ ይሸታል፣ ይጣበቃልም። በጨርቅ በስሱ ቀብተው 15 ደቂቃ ይጠብቁና ያልተጠጣውን ሁሉ ጠርገው ያንሡ። ካልተጠረገ ሙጫ ይሆናል። በየዙሩ መካከል አንድ ቀን ይስጡት። የገበታውን የታች ፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ መቀባት አይዘንጋ፤ አንዱ ፊት ብቻ እርጥበት ሲጠጣና ሲሰጥ እንጨቱ ይቆለመማል። የገንዳውና የቧንቧው ቀዳዳ ጠርዝ አምስትና ስድስት ጊዜ ይቀባ፤ የእንጨቱ ጫፍ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠው ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣሉ። የተልባ ዘይት ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ያንን ሙቀት አፍኖ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ቤት የተቃጠለበት ነገር ነው። ጨርቁን ከቤት ውጭ አንድ ንብብር አድርገው ዘርግተው ያድርቁ፣ ወይም በውሃ አርጥበው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይዝጉበት።

ድንጋይ

እብነ በረድና ግራናይት የሚደበዝዙበት ምክንያት ይለያያል። እብነ በረድን ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ይበሉታል፤ ነጩ ምልክት እድፍ ሳይሆን የተበላ ድንጋይ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። በውሃ በሚሠራ የእጅ አልማዝ ብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ተነሥተው በ800፣ በ1500ና በ3000 ሲያሹት ብልጭታው ይመለሳል። ውሃው ድንጋዩን ያቀዘቅዛል፣ ለሳንባ ጎጂ የሆነውን አቧራም ይይዛል። ግራናይት በሎሚ አይበላም፤ የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ የጠጣው ዘይት ነው። ቤኪንግ ሶዳን በውሃ እንደ ወፍራም ሊጥ አቡክተው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይለጥፉበት፣ በላስቲክ ሸፍነው 24 ሰዓት ያቆዩና ያንሡት። ጥቁረቱ ከቀነሰ ይድገሙት። ሲጨርሱ የውሃ ጠብታ ይፈትኑ፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሥሩ ከጠቆረ ድንጋዩ የድንጋይ ማሸጊያ ይፈልጋል።

ሲሊኮኑን መመለስ

ከላይ የተጠቀሰው ሥራ ሁሉ ተጠናቅቆ ሲጠነክር ገንዳው ይመለሳል። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይይዝም፤ ስለዚህ የቀረው ቅሪት ሁሉ በካተርና በፕላስቲክ መፋቂያ ይውጣ፣ ቦታው በአልኮል ይጠረግ፣ ፈጽሞ ይድረቅ። ሻጋታን የሚከላከል የንጽህና ክፍል ሲሊኮን ይምረጡ። ለእብነ በረድ ግን የኮምጣጤ ሽታ ያለውን አይጠቀሙ፤ ገለልተኛ የሚባለውን ይውሰዱ።

ከገንዳው ከንፈር ሥር አንድ ያልተቋረጠ መስመር ያድርጉና ገንዳውን ይጫኑ፤ ዙሪያውን ሁሉ ትንሽ ሲወጣ መሙላቱ ይታወቃል። ከግድግዳው ጋር ባለው ጥግ ከመስመሩ ላይና ታች ማስኪንግ ቴፕ ይለጥፉ፤ ሲሊኮኑን 6 ሚሊ ሜትር ያህል አድርገው በአንድ ትንፋሽ ይሳቡ፤ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ አልፈው ቴፑን ወዲያው ያንሡ። ቴፑ ሲሊኮኑ ቆዳ ካበጀ በኋላ ከተነሣ ጠርዙን ይቀድደዋል። አንድ 310 ሚሊ ሊትር ቱቦ በዚህ ውፍረት 8 ሜትር ያህል ይሄዳል።

24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ከዚያ በገንዳው ከንፈርና በቧንቧው እግር ዙሪያ ውሃ ያፍስሱ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የእጅ ባትሪውን ይዘው ከታች በደረቅ ሶፍት እንደገና ይዳብሱ።